የክላሲክ መኪና የበር ደፍ ልባጥ አቀያየር

የበር ደፍ ልባጥ ሰው ወደ መኪና ሲገባና ሲወጣ ጫማው የሚያርፍበት፣ የምንጣፉን ጫፍ ተጭኖ የሚይዝ፣ የደፉን ቀለም ከመፋቅ የሚጠብቅ ረጅም ቀጭን ብረት ነው። አዲሱ ሲመጣ ሥራው ስምንት ወይም አሥር ቪስ ማሰር ብቻ ይመስላል። ልባጡ የሚቀመጠው ግን ውሃ በሚያቁርበትና ከመኪናው አካል ቀድሞ በሚዝገው ቦታ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቪስ ደግሞ በዚያው ቦታ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ከልባጡ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ነው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ለአንድ በር ግማሽ ቀን ይያዙ፤ ቀለም መቀባት ካስፈለገ ለመድረቂያ አንድ ሙሉ ቀን ይጨምሩ።

አዲሱን ልባጥ መመርመር

በብዛት የሚያጋጥሙት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሜ ውፍረት ያለው፣ ላዩ ሸንተረር የወጣለት አሉሚኒየም ነው። ሌላው ከ0.7 እስከ 1 ሚሜ ከሆነ ላሜራ በፕሬስ የተሠራ ስቴይንለስ ነው። የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፤ አበሳሱም፣ የቪሱ ራስ አቀማመጥም፣ አጎባበጡም ይለያያል። አሉሚኒየም በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው። ማግኔት ስለያዘው ብቻ “ይኼ ስቴይንለስ አይደለም” ብለው አይጣሉት፤ ለመኪና ጌጥ በብዛት የሚውለው 430 የሚባለው ስቴይንለስ ማግኔት ይይዘዋል።

ቀጥሎ አዲሱንና አሮጌውን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ይለኩ። ግራና ቀኝ ተለዋውጠው የሚላኩበት ጊዜ አለ፤ የጫፎቹ አቆራረጥ አንድ ስለሚመስል ልዩነቱ የሚታየው አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ብቻ ነው። ብዙ ምትክ ልባጦች ሆን ተብሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ረዝመው ይሠራሉ፤ ቀዳዳም ላይኖራቸው ይችላል። ይኼ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ይመረጣል። አንድ መኪና ሃምሳ ዓመት ተበይዶ፣ ተመትቶ፣ ተቀብቶ ከኖረ በኋላ የደፉ ቀዳዳዎች ፋብሪካ የበሳበት ቦታ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ቀዳዳ ተበስቶለት የመጣ ልባጥ ከሁለቱ ቀዳዳ ጋር ገጥሞ ከሦስተኛው 2 ሚሜ ሲዛነፍ መፍትሔው ይከብዳል።

ከፊቱ ላይ የተለጠፈውን መከላከያ ፕላስቲክ እስከ መጨረሻው ሰዓት አይላጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ትራፓኖ፤ የ2፣ የ2.8፣ የ3.2፣ የ4 እና የ4.8 ሚሜ ፑንታ፤ የቪሱን ራስ የሚያስቀብር ሾጣጣ ፑንታ፤ ቡሊኖ (የሚበሳበትን ነጥብ መምቻ ሹል ብረት)፤ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት መዶሻ፤ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የብረት መጋዝ (በኢንች 32 ጥርስ)፤ ለስላሳ ሞረድ፤ ከቪሱ ራስ ጋር በትክክል የሚገጥም ካቻቪቴ፤ የወረቀት ፕላስተር፤ የብርጭቆ ወረቀት 80 እና 180 ቁጥር፤ አንቲረስትና የመኪናው ቀለም፤ ቡቲል ማጣበቂያ (ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ውሃ ከልካይ ማሸጊያ)፤ ለክፍት አካላት ውስጥ የሚረጭ ጸረ ዝገት ሰም። የዓይን መከላከያ መነጽር አይርሱ፤ ደፉ ላይ ሲበሱ ፊትዎ ከፑንታው ብዙም አይርቅም።

ቪሶቹ ላሜራውን ራሳቸው ጥርስ እያወጡለት የሚገቡ፣ ራሳቸው ሾጣጣ ሆኖ ላዩ በትንሹ የጎበጠ መሆን አለባቸው። የተለመደው ውፍረት 3.5 ወይም 4.2 ሚሜ፣ ርዝመቱ 13 ሚሜ ነው። ረዘም ያለ ቪስ ይበልጥ ይይዛል ብለው 25 ሚሜ አይግዙ። ላሜራው 1 ሚሜ ገደማ ነው፤ ከዚያ ያለፈው የቪሱ አካል ምንም ሳይይዝ ደፉ ውስጥ ይንጠለጠላል፤ በዚያ የሚያልፍ ገመድ ካለ ደግሞ ይበሳዋል።

የቪሱን ራስ ማዕዘንም ያጣሩ። በሚሊ ሜትር የሚለካ ቪስ ራሱ 90 ዲግሪ ነው፤ በአሜሪካ ኢንች የሚለካው 82 ዲግሪ ነው። ሾጣጣ ፑንታው ከቪሱ ማዕዘን ጋር ካልተስማማ ራሱ በአንድ ክብ መስመር ላይ ብቻ ያርፍና ጊዜ ሲያልፍ ይላላል።

አሮጌውን መንቀል

መጀመሪያ ፎቶ ያንሱ፤ ብዙ። ምንጣፉ ከልባጡ ሥር ነው የሚገባው? የበሩ ጎማ ልባጡን ይጫነዋል ወይስ ልባጡ ጎማውን? ይህ ቅደም ተከተል ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከማንም ጭንቅላት ይጠፋል። ከደፉ አጠገብ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ።

የቪሱን ራስ ከመንካትዎ በፊት ሰርጡ ውስጥ የደረቀውን ሰምና አቧራ በመርፌ ወይም በሹል ብረት ጠርገው ያውጡ። ራሱ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ካቻቪቴው እስከ ታች ሳይገባ ስለሚዞር ነው። በመስቀሉ መካከል አራት ትንንሽ ጭረቶች ካሉ ፖዚድራይቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተራው የመስቀል (ፊሊፕስ) ካቻቪቴ ይገባበታል ግን ያበላሸዋል። ዝገት ፈቺ ዘይት ነክተው ጥቂት ሰዓት ይተዉት። ከዚያ ካቻቪቴውን አስገብተው ጀርባውን ሁለት ሦስት ጊዜ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉ፤ ቪሱን በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ያዙሩ። እንቢ ካለ የብየዳ ቆርቆሮ ማቅለጫ ካውያ ጫፍ ራሱ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያሳርፉና እንደገና ይሞክሩ። እሳት አይጠቀሙ፤ ጎማውና ምንጣፉ እጅዎ ሥር ነው፤ የነዳጅ ቧንቧም በዚያው ሊያልፍ ይችላል።

ራሱ ከተበላ በ4.8 ሚሜ ፑንታ ራሱን ብቻ ቆርጠው ይጣሉ፣ ልባጡን ያንሱ፣ የቀረውን ግንድ በፒንሳ ይዘው ያዙሩት። ቪስ ሳይፈታ ልባጡን በካቻቪቴ ፈንቅሎ ማንሳት ሁለት ነገር ያበላሻል፦ የደፉን ጠርዝ ይጎዳል፣ አሮጌውን ልባጥ ያጣምማል። አሮጌው ደግሞ ለሥራው ካሉዎት ልኬቶች ሁሉ የሚበልጠው ነው፤ አዲሱ ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ አይጣልም።

ከሥር ያለው ላሜራ

ቆሻሻውን በብሩሽና በቫኪዩም አውጥተው ደፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካቻቪቴ እጀታ እያንኳኩ ያዳምጡ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ይደፈናል። የተጠራጠሩትን ቦታ በሹል ነገር ይጫኑ። ጫፉ ከገባ ሥራው እዚህ ላይ ይቁም። ደፍ በተለይ ጣሪያው በሚታጠፍ መኪና ላይ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም አካል ነው፤ የበሰበሰን ደፍ በሚያምር ልባጥ ሸፍኖ መሄድ አደጋን መደበቅ ነው። መጀመሪያ ይበየድ። ሲበየድም በሩ በቦታው ኖሮ የበሩ ዙሪያ ክፍተት እየተለካ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አካሉ ጎብጦ በሩ አልዘጋ ይላል።

ላዩ ብቻ የዛገውን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈግፍጉ፣ በ180 ያለስልሱ፣ ዝገት ቀያሪ ፈሳሽ ይቀቡ፣ ከዚያ አንቲረስትና ቀለም። የቀዳዳዎቹን ውስጠኛ ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ መንካት አይዘንጉ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከዚያ ነው። ቀለሙ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ለእጅ የደረቀ የመሰለ ቀለም ልባጥ ሲጫነው ይጣበቅና በሚቀጥለው ንቀላ አብሮ ተልጦ ይነሳል።

ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለው የደፉን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይክፈቱ። ከላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ እነዚህ ከተደፈኑ ዋጋ የለውም።

ጥርሱ ያለቀ፣ ቪስ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ካገኙ ምርጫው ሦስት ነው። 3.5 የነበረውን በ4.2 ሚሜ ቪስ መተካት ቀላሉ ነው፤ የአንዱ ራስ ከሌሎቹ ይተልቅና ዓይን ይስባል እንጂ። የላሜራው ጠርዝ ቅርብ ከሆነ ላሜራውን አቅፎ የሚይዝ ባለ ሽብልቅ ዳዶ ማስገባት ይቻላል። በጣም የሰፋውን ግን በብየዳ ደፍኖ፣ ሞርዶ፣ አዲስ መብሳት ይሻላል። በስቱኮ የተሞላ ቀዳዳ ላይ ቪስ አይዝም።

ሳይታሰር መሞከር

ምንጣፉንና የበሩን ጎማ በየቦታቸው አድርገው ልባጡን ያለ ቪስ ያስቀምጡ። ምንጣፉ አዲስ ከሆነ ከአሮጌው ይወፍራል፤ ቪሱ የሚያልፍበት መስመር ላይ ምንጣፉ ካለ ልባጡ ከፍ ይላል። የምንጣፉ ጫፍ ከልባጡ ሥር ከ15 እስከ 20 ሚሜ ይግባ፣ ወደ ቪሶቹ ግን አይድረስ። ፑንታ የነካው ምንጣፍ ክሩ ተጠቅልሎ በአንድ አፍታ ረጅም መስመር ይተረተራል።

ልባጡ ደፉ ላይ በራሱ ክብደት መተኛት አለበት። መሃሉ ወይም ጫፉ ከተነሳ “ቪሱ ያስተኛዋል” ብለው አያስቡ። ቪስ አስገድዶ የያዘው ልባጥ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው፤ ጥርሱን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ይልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ ክብ እንጨት ላይ አስደግፈው በሁለት እጅ ትንሽ ትንሽ ያጉብጡት፣ እያስቀመጡ ይመልከቱ። ብረት መልሶ ስለሚመጣ ከሚፈለገው ጥቂት አሳልፎ ማጉበጥ ይገባል። አኖዳይዝ የተደረገ (በኤሌክትሪክ ጠንካራ መከላከያ ሽፋን የወጣለት) አሉሚኒየም ላይ ከመጠን ካለፉ የላይኛው ሽፋን ይሰነጠቅና ነጫጭ የፀጉር መስመር ያወጣል፤ ያ አይመለስም።

ርዝመቱን ሲያስተካክሉ ከየጫፉ 1 ሚሜ ገደማ ክፍተት ይተዉ። ክፍተቱ ያስፈለገው በምክንያት ነው። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.023 ሚሜ ያህል ይለጠጣል፤ ተራ ብረት 0.012 ያህል። ርዝመቱ 1.2 ሜትር የሆነ ልባጥ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር ከሥሩ ካለው ደፍ በ0.65 ሚሜ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ይህን በቀላሉ ይደርስበታል። መሄጃ ያጣ ልባጥ በቪሶቹ መካከል ይነፋል።

ሲቆርጡ መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ላይ ያስምሩ፣ 0.5 ሚሜ አስረዝመው በመጋዝ ይቁረጡ፣ የቀረውን በሞረድ ያውርዱ። ሞረዱን ከፊት ወደ ጀርባ ብቻ ይግፉ፤ ወደ ፊት የተመለሰ ሞረድ ፕላስቲኩን ቀድዶ ፊቱን ይጭራል። የተቆረጠው ጠርዝ ካልሲና ጣት እንዳይቀድ ይደንዝዝ።

ከመብሳትዎ በፊት በሩን ይፈትሹ። ሦስት አራት ቦታ ላይ የልጆች መጫወቻ የሆነ ለስላሳ ጭቃ በትንሹ ድቡልቡል አድርገው ልባጡ ላይ ይለጥፉ፣ በሩን በቀስታ ዘግተው ይክፈቱ፣ የተጨፈለቀውን ውፍረት ይለኩ። ከ3 ሚሜ ያነሰ ከሆነ በሩ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልባጡን ይነካል። መላው የበሩን ማጠፊያ ማስተካከል ነው፤ ልባጡን መዶሻ መምታት አይደለም።

ምልክትና መብሳት

ቀዳዳ የሌለውን ልባጥ ከደፉ ቀዳዳዎች ጋር ለማገጣጠም ከሁሉ የሚያስተማምነው ብርሃን የሚያሳልፍ ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ደፉ ላይ ዘርግተው በፕላስተር ያጣብቁ፣ የልባጡን ሁለት ጫፎችና የውጭ ጠርዝ ይሳሉበት፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመርፌ ይውጉ። ከዚያ ፕላስቲኩን ልባጡ ላይ አስተኝተው ጠርዝ ከጠርዝ ያገጣጥሙና ነጥቦቹን ያስተላልፉ። ወረቀት ይለጠጣል፣ በላብም ይረጥባል፤ ሜትር ደግሞ በጎበጠ ደፍ ላይ ያሳስታል።

ሁሉንም ቀዳዳ ግን በአንድ ጊዜ አይብሱ። መሃከለኛውን ብቻ ይብሱ፣ በአንድ ቪስ አላልተው ይያዙት፣ የሌሎቹ ምልክት ከደፉ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን አይተው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቁ ይሂዱ። ከአንድ ጫፍ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ትንሽ ትንሹን ስህተት ሁሉ አጠራቅሞ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ይገናኘዋል።

ነጥቡን በቡሊኖ ይምቱ፤ ጠፍጣፋ እንጨት ከሥር ይደግፉ። በ2 ሚሜ ከፍተው በ4 ሚሜ ያስፉ፤ ይህ ለ3.5 ሚሜ ቪስ ነው፣ ለ4.2 ሚሜ ቪስ 4.8 ይሁን። ከደፉ በኩል አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ ለ3.5 ቪስ 2.8፣ ለ4.2 ቪስ 3.2 ሚሜ ነው። አሉሚኒየም በፈጣን ትራፓኖ ያለ ችግር ይበሳል። ስቴይንለስ ተቃራኒው ነው፦ ኮባልት ያለበት ፑንታ፣ ጠብታ ዘይት፣ በደቂቃ 800 ዙር ገደማ የሆነ ቀርፋፋ ፍጥነትና የማያቋርጥ ጫና። ፑንታው ሳይቆርጥ ከላዩ ላይ ቢሽከረከር ብረቱ በዚያው ቦታ ይጠነክርና ቀጣዩን ፑንታ ሁሉ ያደነዝዛል።

ደፉ ላይ ሲበሱ ፑንታው ላይ 6 ሚሜ ብቻ አስቀርተው ፕላስተር ይጠቅልሉ፤ ላሜራውን አልፎ ድንገት ሲገባ የሚያቆመው እሱ ነው። ከመብሳትዎ በፊት ከሥርም ከጎንም የሚያልፍ የነዳጅ ወይም የፍሬን ቧንቧ፣ ገመድም አለመኖሩን በእጅና በመብራት ያረጋግጡ። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው ከ6 ሚሜ ባነሰ ርቀት የሚውል ከሆነ አሮጌው ቀድሞ ይደፈን፤ አለበለዚያ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

የተረፈውን የብረት ፍቅፋቂ በማግኔትና በቫኪዩም እስከ መጨረሻው ያውጡ። ምንጣፍ ውስጥ ወይም ደፍ ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ ከጥቂት እርጥብ ቀናት በኋላ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

የቪሱ ራስ የሚቀመጥበት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። የ3.5 ሚሜ ቪስ ሾጣጣ ራስ ቁመቱ 2.3 ሚሜ አካባቢ ነው፤ ልባጡ ደግሞ 1.5 ሚሜ። ስለዚህ የሾጣጣው ጫፍ ከልባጡ ሥር ያልፍና ልባጡን ከመጫኑ በፊት ላሜራውን ይገናኛል። ቪሱ ጠብቋል፣ ልባጡ ግን ይንጫጫል። የፋብሪካው ደፍ በየቀዳዳው ዙሪያ ትንሽ ስርጉድ ያለው ለዚህ ነው። አዲስ የበሱት ቀዳዳ ላይ ከሌለ በክብ ብረትና በቀላል መዶሻ ምት ያበጁለት፣ ቀለሙንም ይመልሱ። በሾጣጣ ፑንታ ላሜራውን ማስፋት ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥርስ የሚይዘውን ብረት ይበላዋል።

አሉሚኒየሙን ራሱን በሾጣጣ ፑንታ በእጅ ወይም በጣም በቀስታ እየዞረ ያስፉ፣ በየጥቂት ዙሩ ቪሱን እያስገቡ ይለኩ። የራሱ ጠርዝ ከልባጡ ፊት ጋር እኩል ሲሆን ያቁሙ። ስስ ስቴይንለስ ላይ ይህ አይሠራም፤ ፑንታው ሾጣጣውን ሳይጨርስ በሌላኛው በኩል ይወጣና ራሱ አልፎ የሚሄድ ትልቅ ቀዳዳ ይቀራል። እሱ በሾጣጣ ማተሚያ ተመትቶ መሰርጎድ አለበት፤ ካልሆነ በቪሱ ራስ ሥር የሚገባ ሾጣጣ ሮንዴላ ይጠቀሙ።

ማሰር

ስቴይንለስ ቪስ ከጠንካራው ብረት ቪስ ይለሰልሳል። ስለዚህ ላሜራው ላይ ጥርሱን በመጀመሪያ በዚያው መጠን በጠንካራ ብረት ቪስ ያውጡ፣ ፈትተው ያስወጡት፣ የሚያምረውን በእጅ ያስገቡ። የብዙ ቪሶች ራስ የሚተርፈው በዚህች ትንሽ ልፋት ነው።

አሉሚኒየም፣ ተራ ብረትና ስቴይንለስ ውሃ ባለበት ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላል። በቪሱ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየሙ ዝገት ነው። ልባጡ ባዶ ላሜራ እንዳይነካ ቀለሙ ሙሉ ይሁን፤ በየቀዳዳው ዙሪያ ስስ የቡቲል ቀለበት ያድርጉ፤ የቪሱን ጥርስ ጸረ ዝገት ሰም ውስጥ ነክረው ያስገቡ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲሊኮን አይድፈኑት። ሆምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ላሜራውን ያዝገዋል፤ ሌላው ዓይነት ቢሆንም የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። የውጭው የታች ጠርዝ ክፍት ሆኖ ይተንፍስ።

ትራፓኖውን ያስቀምጡና በእጅ ካቻቪቴ ከመሃል ጀምረው ሁሉንም ቪስ ሦስት አራተኛ ያህል ያስገቡ። በሩን ዘግተው ይክፈቱ፣ ምንጣፉንና ጎማውን በጣት ያስተካክሉ፣ ከዚያ እንደገና ከመሃል ወደ ውጭ ያጥብቁ። ራሱ ቁጭ ካለ በኋላ አንድ ስምንተኛ ዙር ይበቃል። ባለ አንድ ሰርጥ ቪስ ከሆነ ሰርጦቹ ከልባጡ ርዝመት ጋር አንድ አቅጣጫ ሲይዙ ያምራሉ፤ ለዚህ ሲባል ግን ቪስ አይላላም፣ ከልክ በላይም አይጠብቅም። በመጨረሻ ፕላስቲኩን ከአንድ ጫፍ በዝግታ ይላጡ፤ የቀረ ሙጫ በአልኮል ይለቃል። አኖዳይዝ የተደረገን አሉሚኒየም በብረት ማበሪያ ክሬም ወይም ምድጃ በሚታጠብበት ኃይለኛ ሳሙና አይንኩ፤ ሽፋኑን ያነሳዋል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚታዩ ችግሮች

ሲረግጡት የሚንጫጫ ልባጥ ወይ ራሱ ላሜራውን የነካ ቪስ አለው፣ ወይ ከደፉ ጎባጣ ጋር አልተስማማም፤ ቪሱን ይበልጥ ማጥበቅ ሁለቱንም አይፈታም። ምንጣፉ ዳር ላይ እርጥበት ከታየ የበሩ ጎማ በልባጡ ጠርዝ ተቆልምሞ ይሆናል። በጎማውና በበሩ መካከል ቀጭን ወረቀት አስገብተው በሩን ዘግተው ይሳቡ፤ ያለ ምንም ትግል የሚወጣበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ነው። በሩ ከበፊቱ ይልቅ ኃይል ከፈለገ ልባጡ ጎማውን ከፍ አድርጎታል ማለት ነው፤ ጎማውን አውጥተው ከልባጡ ጠርዝ በትክክለኛው ወገን መልሰው ያስገቡት። በፀሐይ ጊዜ ብቻ የሚነፋ ልባጥ ደግሞ ጫፉ ክፍተት የለውም፤ ነቅለው ከአንድ ጫፍ 1 ሚሜ ይሞርዱለት።

ከሁለት ሳምንት ጉዞ በኋላ ቪሶቹን በእጅ ካቻቪቴ ይንኩ። የዞረ ካለ ጥርሱን ይመርምሩ፤ ካልዞረ ይተዉት።